እምቢታችሁን ጻፉልኝ

ባለፈው ወር ድሬዳዋ ውስጥ ከከዚራ ወደ መጋላ በባጃጅ ስሻገር አንድ ጠባብ መንገድ በለቅሶ ድንኳን ተዘግቶ አገኘነው። ባለባጃጁ ሊያዞር ሲል ማን ሞቶ ነው አልኩት። አንዲት ጆንያ ሰፊ ባልቴት ናት አለኝ እንደ ዋዛ፣ ስሟንም ጨመረልኝ። አስቆምኩትና ወረድኩ። አዴ ዘሃራን ጆንያ ሰፊ ማለት ውሸት አይደለም፤ ዕድሜዋን ሙሉ የእህልና የቡና መጋዘን በራፍ ላይ ቁጭ ብላ የተቀደደ ጆንያ ስትሰፋ ነው የኖረችው። እኔ ግን ልጁን ጆሮውን ቆንጥጬ ማንን እንደሚጠራ ብነግረው ደስታዬ ነበር።

ድንኳኑ ውስጥ ሙና ከሴቶቹ መሀል ተቀምጣለች። የአዴ ዘሃራ አንድያ ልጅ ናት፤ ፀጉሯ ሸብቷል። ለገባ ሁሉ እጇን ትዘረጋና «እማ ሞተች፤ ተቀመጡ» ትላለች። አእምሮዋ ከዕድሜዋ ጋር አብሮ እንዳላደገ የማያውቅ እንግዳ፣ ኀዘኗን የቻለች ሴት ናት ብሎ ያልፍ ነበር። አጠገቧ ተቀመጥኩና እጇን ይዤ አለቀስኩ። ያለቀስኩት ለእናቷ ብቻ አልነበረም።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው፤ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሽማግሌውንም ባልቴቱንም ደብተር ባስያዘበት ዘመን። እኔ ከዚራን ከመጋላ በሚለየው የደቻቱ ደረቅ ወንዝ አሸዋ ዳር ባለ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ጸሐፊ ሲባል ታይፕ መምታት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ መዝገቡም፣ ቃለ ጉባኤውም፣ የማኅተሙ መሳቢያ ቁልፍም እኔው ዘንድ ነበር። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝ፤ ከዚራ ተወልጄ ከዚራ ያደግሁ፣ ከአሸዋው ማዶ ለሚመጣ ሰው ቀና ብዬ ሳላይ መልስ መስጠት የሚቀናኝ። እንዲህ ያለች ልጅ ነበርኩ፤ አሁን ቢያሳፍረኝም አልክደውም።

በምዝገባው ሳምንት አንዲት ቀጭን ረጅም ሴት ተራዋን ጠብቃ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመች። ሻሿ ላይ የጆንያ መርፌ ሰክታለች፤ ክሩ ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሏል። በአንድ እጇ ዘጠኝ ዓመት የሚሆናት ልጅ ይዛለች፤ ምላሷ ከአፏ ብቅ ያለ፣ ዓይኗ ጠበብ ያለ፣ ላየችው ሰው ሁሉ የምትስቅ። ሴትዮዋ ሰላም እንኳ ሳትለኝ «ማስታወቂያው የጠየቃት ልጅ ይቺኛዋ ናት» አለችኝ።

ምንም አልገባኝም። ማንም ልጅ እንዳልጠየቃት ስነግራት፣ ዓመቱን ሙሉ ማታ ማታ ቀበሌ ተምራ ማንበብ እንደቻለች፣ ምስክር ወረቀትም እንዳላት፣ የቀበሌው በር ላይ የተለጠፈውንም ወረቀት በገዛ ዓይኗ እንዳነበበችው አስረዳችኝ። ወረቀቱን እኔም አውቀዋለሁ። «ማንኛውም ለትምህርት የደረሰ ልጅ በአቅራቢያው በሚገኝ ትምህርት ቤት ይመዝገብ» ይላል። የአፍ መፍቻዋ ኦሮምኛ ነው፤ አማርኛን የለቀመችው ከገበያ ነው። ገበያ ላይ ደግሞ «ማንኛው?» የሚለው ነጋዴ ነው፤ ከተደረደረው ዕቃ የቱን ልስጥሽ ሲል። እሷም መንግሥት በዚያ ሁሉ ማኅተም «ማንኛው ነው ያልተማረው ልጅ?» ብሎ የጠየቀ መስሏት፣ ሥራዋን ጥላ መልሱን በእጇ ይዛ መጥታለች።

ሰልፉ ላይ ያሉት ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። እሷ ከሳቂዎቹ አንዱንም አልገላመጠችም፤ መልሴን ትጠብቃለች። ከፊቴ እንድትነሳልኝ ብዬ ወደ ዳይሬክተሩ አስገባኋት።

ዳይሬክተራችን ጓድ ተስፋዬ ክፉ ሰው አልነበረም። ፈሪ ነበር፤ በዚያ ጊዜ ደግሞ ማን ፈሪ ያልነበረ አለ? ዳይሬክተር ከመሆኑ በፊት የአማርኛ መምህር ስለነበር የተሳሳተ ቃል ሲሰማ ሳያርም አያልፍም። የሴትዮዋን ነገር ሲሰማ ፈገግ አለና ወንበር ሰጣት። ከዚያ «ማንኛውም» ማለት ጥያቄ እንዳልሆነ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ሳይለይ ሳይመረጥ ማለት እንደሆነ ጣቱን እያጠፈ አስተማራት። ሀብታም ቢሆን ድሃ፣ ሴት ብትሆን ወንድ፣ እስላም ቢሆን ክርስቲያን። አዴ ዘሃራ አንገቷን ዘንበል አድርጋ እንደ ተማሪ ሰማችው።

«ሳይመረጥ?» አለች።

«ሳይመረጥ።»

«እኔ አንዷን ብቻ የጠየቁ መስሎኝ ነበር። ወላሂ፣ ወረቀቱ ካሰብኩት በላይ ደግ ነው።»

ጓድ ተስፋዬ በገዛ ሰዋስው የት እንደገባ ያኔ ነው የገባው። ሙናን ለመጀመሪያ ጊዜ አስተውሎ አያት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ማስታወቂያው የሚመለከተው መማር የሚችሉትን ልጆች መሆኑን፣ እንደ ሙና ላሉት መምህርም ክፍልም እንደሌለ፣ ልጅቷ ከክፍል ብትገባ ለሌሎቹም ለራሷም ችግር እንደሆነ አስረዳት። ብልህ ብትሆን ኖሮ እሱ ራሱ እጇን ይዞ ያስገባት እንደነበርም ጨመረ።

«ብልህ ናት አላልኩህም» አለችው። «ልጅ ናት ነው ያልኩህ።»

አንተ ማለቷ አይግረማችሁ፤ ድሬዳዋ አንቱታ ብዙም አይሆንላትም፤ የኦሮሞው፣ የሶማሌው፣ የአደሬው አማርኛ ሁሉንም በእኩል «አንተ» ብሎ ይጠራል፣ አክብሮቱን በሌላ መንገድ ያሳያል። እኛም «አዴ» ነው የምንላት፤ እናት ለምታህል ሴት የሚሰጥ ማዕረግ ነው። ዳይሬክተሩን የከነከነው ግን አንተታው ሳይሆን ቀጥላ የጠየቀችው ነገር ነው። እንግዲያው እምቢታህን ጻፍልኝ አለችው። ወረቀቱ ማንኛውም ይላል፤ አንተ ደግሞ ከሙና በቀር ብለህ ጻፍና ማኅተም ምታበት፤ ሁለቱን ቤቴ ግድግዳ ላይ አጠገብ ላጠገብ እለጥፋቸዋለሁ። ነገ ነይ አላት።

ነገ መጣች። ከነገ ወዲያም መጣች። የሚሰፋ ጆንያ ተሸክማ፣ ሙናን አስከትላ፣ ጠዋት ግቢያችን ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ትቀመጣለች። አልጮኸችም፣ አልለመነችም፣ የማንንም እግር አልሳመችም። በዕረፍት ሰዓት ብቻ መስኮቴ ሥር ትመጣና «ወረቀቴ ደረሰ?» ትለኛለች። አልደረሰም እላታለሁ። ወደ ጆንያዋ ትመለሳለች። ሙና ደግሞ ደወል በተደወለ ቁጥር ከተማሪዎቹ ጋር ትሰለፍና ክፍል በር ላይ ስትደርስ ትመለሳለች፤ እንድትመለስ ነግረዋታላ።

እኔ ደግሞ እምቢታውን ልጽፍ ታዘዝኩ። መጀመሪያ የመታሁትን ጓድ ተስፋዬ አነበበና «የመንግሥትን መመሪያ የተቃወምን ያስመስላል» ብሎ ቀደደው። ሁለተኛው ላይ «ለጊዜው» የሚል ቃል አስገባን፤ እሱም ተቀደደ፣ ለጊዜው ከተባለ ጊዜው መቼ ነው ትለኛለች ብሎ። በሦስተኛው ላይ ፊርማው የሚያርፍበትን ቦታ አየና ብዕሩን ከደነው። እንደዚያ ባለ ጊዜ እምቢ ማለትን የመሰለ ቀላል ነገር አልነበረም፤ እምቢ ብሎ ከሥሩ መፈረምን የመሰለ ከባድ ነገርም አልነበረም። እኛ ሁላችን በቃል ጀግኖች ነበርን። ያቺ ማንበብ ከተማረች ዓመት ያልሞላት ሴት ይህን ከሁላችን ቀድማ እንዴት እንደደረሰችበት እስከ ዛሬ ሳስበው ይደንቀኛል።

አንድ ቀን መስኮቱን ትታ በበሩ ገባችና ስለ ሙና የተጻፈውን ሁሉ እንዳሳያት ጠየቀችኝ። ፋይሉ ምስጢር ነው አልኳት፤ ደንቡ እንደዚያ ነው።

«የማን ምስጢር?» አለችኝ። «የወለድኳት እኔ። ከኔ የተደበቀ የሙና ምስጢር ካለ፣ ልጄን ሰርቃችሁኛል ማለት ነው።»

ደንቡን አጥብቄ ብፈልገው ምንም አላገኘሁም። ፋይሉን አውጥቼ ሰጠኋት። እኔ ላንብብልሽ ብላት እጄን ገፋ አደረገችና ጣቷን ከፊደሉ ሥር እያስኬደች ማንበብ ጀመረች። ረጅም ጊዜ ወሰደባት። በዳይሬክተሩ ትእዛዝ የመታሁት «የማትማር» የሚለው ቃል ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ደግማ አነበበችው። ማን ሞክሯት እንደዚህ ተባለ አለችኝ። ማንም አልሞከራትም አልኳት። እንግዲያው ውሸት ነው የጻፍሽው አለችኝ፣ በቁጣ ሳይሆን «ስፌትሽ ተተርትሯል» እንደሚባል ዓይነት፣ ለሥራ ጉድለት በሚነገር ድምፅ። ቃሉን አጥፊው አላለችኝም። ከሥሩ «ገና አልተሞከረችም» ብለሽ ጨምሪበት አለችኝ። ወረቀቱን ታይፑ ላይ መልሼ አስገባሁና መታሁት። ጓድ ተስፋዬን አላስፈቀድኩም። መሥሪያ ቤት ከገባሁ ሳልታዘዝ የመታሁት የመጀመሪያ መስመር እሱ ነው።

አሁን ስለ ራሴ ቤት አንድ ነገር ልናገር፤ ሳልናገር የማልፍበት መንገድ ቢኖር ባለፍኩት። እኔም ሙናን የመሰለች እህት ነበረችኝ። ውቢት ትባላለች፤ ያኔ አሥር ዓመቷ ነው። ጎረቤት የሚያውቀው አሰበ ተፈሪ ከተማ አያቷ ዘንድ እንዳለች ነው። ውቢት ግን አሰበ ተፈሪን አይታው አታውቅም፤ ከቤታችን የኋለኛው ክፍል ወጥታ አታውቅም። እንግዳ ሲመጣ በሩ ይዘጋል፣ ድምፅ ካሰማች ደግሞ እናቴ የራዲዮኑን ድምፅ ከፍ ታደርገዋለች። አባቴ ከባቡሩ ጋር ወደ ጅቡቲ ሲመላለስ ነው የሚኖረው፤ ነገሩን ለእናቴ ትቶላታል። እናቴ ጨካኝ ሴት አልነበረችም። ውቢትን በእጇ ታጎርሳታለች፣ ፀጉሯን በየሳምንቱ ትሠራታለች። የምትፈራው ለእኔ ነበር፤ ነገ የሚያጨኝ ሰው ሲመጣ «በዘራቸው አለ» እንዳይባል። እኔም ይህን እያወቅሁ ዝም ብዬ እበላ፣ ዝም ብዬ እተኛ ነበር።

የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ በሙና ጉዳይ ሊሰበሰብ መሆኑን አዴ ዘሃራ ስትሰማ ማመልከቻ እንድጽፍላት ጠየቀችኝ። በመሥሪያ ቤቱ ታይፕ ለእሷ መምታት ስለማልችል ቅዳሜ ቤቴ ነይ፣ በእጅ እጽፍልሻለሁ አልኳት። ከአፌ ሲወጣ ደነገጥኩ፤ ወደ ቤታችን እንግዳ ጠርቼ አላውቅም ነበርና። ቅዳሜ ሙናን ይዛ መጣች፤ በረንዳው ላይ ተቀመጥን። እናቴ ውሃ አቀረበችላቸውና ገባች። ማመልከቻውን አጋምሼ እያለሁ ከጓሮ በኩል ውቢት በማንኪያ በሩን መምታት ጀመረች። ወዲያው ራዲዮኑ ጮኸ።

አዴ ዘሃራ አዳመጠች። ሙና ግን ተነሳች፤ ድምፁን ተከትላ በጎን በኩል ዞረችና፣ ያንን የተዘጋ በር ከውጭ በእጇ መታ መታ አደረገችው። ማንኪያው ቆመ። ከዚያ ከውስጥ ሁለት ጊዜ መለሰ። ሙና ሳቀች። እኔ ብዕሬን ይዤ መሬት ብትከፈትልኝ እያልኩ ተቀመጥኩ። አዴ ዘሃራ ወደ እኔ ዞራ «ስሟ ማነው?» አለችኝ።

ማን ናት አላለችም። ምን ሆና ነው አላለችም። ከቤታችን አጥር ውጭ ለሆነ ሰው ያንን ስም ከተናገርኩ ዓመታት ሆኖኝ ነበር። «ውቢት» አልኳት። «ውቢት» ብላ ደገመችው፣ እንዳይጠፋባት እንደሚደረገው። ከዚያ ማመልከቻውን እንድጨርስ በዓይኗ አመለከተችኝ። ስትሄድ እናቴን ሰላም ብላት ወጣች እንጂ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።

ኮሚቴው አምስት ሰው ነው፤ ዳይሬክተሩ፣ አንድ መምህር፣ ሁለት የወላጆች ተወካዮች፣ ሊቀመንበሩ ደግሞ ከቀበሌው የመጣ አንደበተ ርቱዕ ሰው። እኔ ጥግ ላይ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ፤ ድምፅ የለኝም። ስብሰባው ሊከፈት ሲል አዴ ዘሃራ ሙናን ይዛ ገባች። ሊቀመንበሩ ስብሰባው የኮሚቴ መሆኑን፣ ውሳኔው በኋላ እንደሚነገራት ገለጸላት። እሷም ስለ ማን እንደሚወሰን ጠየቀችው፤ ስለ ሙና እንደሆነ ሲነግራት፣ ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ትላላችሁ አይደል አለችና ባዶ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሙና መሬት ላይ ቁጭ አለች። ማንም ሊያስወጣቸው አልደፈረም።

ማመልከቻዋን አነበብኩ። ሦስት ነገር ብቻ ነው የሚለው። ልጄን ሞክሯት። ስለ ልጄ ስትነጋገሩ እኔን አስቀምጡኝ። እምቢ ካላችሁ እምቢታችሁን ጻፉልኝ። መምህሩ ስልሳ ተማሪ አንድ ክፍል ውስጥ እያስተማረ ተጨማሪ እንደማይችል ተናገረ፤ እውነቱን ነው፣ አዴ ዘሃራም እውነትህን ነው አለችው። ከወላጆቹ ተወካዮች አንዱ ግን ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል አለ። ዛሬ ይህችን ብናስገባ ነገ በየቤቱ ያለው ሁሉ ይመጣብናል ማለቱ ነው።

«በየቤቱ ስንት አሉ?» አለችው አዴ ዘሃራ።

ሊቀመንበሩ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ስላየ ቶሎ ገባበት። የለም፣ ጓዱ ለምሳሌ ነው ያለው፤ በዚህ ትምህርት ቤት ክልል ከሙና በቀር እንዲህ ያለ ልጅ አንድም የለም፤ ለአንዲት ልጅ ተብሎ ደግሞ የሕዝብ ትምህርት ቤት ሥርዓት አይናጋም፤ አለ የሚል ካለ ይናገር፤ ከሌለ በዚህ እንወስናለን። ይህን ብሎ ወደ እኔ ዞረና «ጻፊው፤ ከአንድ በቀር የለም» አለኝ።

አዴ ዘሃራን አየኋት። አንድ ቃል ትበቃታለች። ቅዳሜ በጆሮዋ ሰምታለች፣ የውቢትንም ስም ታውቃለች። ያቺን ስም ብትጠራ የሊቀመንበሩ ነገር ሁሉ አፈር ይበላል፤ ልጇም ትገባለች። እጆቿን ጭኗ ላይ አጋጥማ፣ ዓይኗን ጣቶቿ ላይ ጥላ፣ ዝም አለች። ወደ እኔ እንኳ አላየችም፤ ብታየኝ እንዳስገደደችኝ ይቆጠራልና። ብዙ ሰዎች ሲናገሩ አይቻለሁ፣ በዚያ ዘመን ደግሞ መናገር የሞላበት ነበር። እንደዚያች ሴት ዝም ያለ ሰው ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

«እኛ ቤት አለች» አልኩ።

የራሴ ድምፅ መሆኑን ያወቅሁት ሁሉም ወደ እኔ ሲዞሩ ነው። እህቴ እንደሆነች፣ አሥር ዓመቷ እንደሆነ፣ አሰበ ተፈሪ የሚባለው ውሸት እንደሆነ ተናገርኩ። እንባዬ ቃለ ጉባኤው ላይ ጠብ ብሎ ቀለሙን አበላሸው። ሊቀመንበሩ አንዴ እኔን፣ አንዴ ጓድ ተስፋዬን አየ። የሚያስገርመው ያ ፈሪ ዳይሬክተር ነው የተነሳው። ኮቱ ኪስ ውስጥ አጣጥፎ የያዘውን ሦስተኛውን ረቂቅ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረና፣ እምቢታው ይኸው ተጽፏል፣ እኔ ግን አልፈርምበትም፣ የሚፈርም ካለ ይፈርም አለ። ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ዞሮ ወደሱ ተመለሰ። ከዚያ ልጅቷ ለሙከራ አንደኛ ክፍል ትግባ ተብሎ ተወሰነ፤ ያንን ሁሉም ፈረሙበት።

ሙና አንደኛ ክፍል ሦስት ዓመት ተቀመጠች። ተአምር አልሠራችም፤ ታሪኬን ለማሳመር ብዬ አልዋሽም። ስሟን መጻፍ ቻለች፣ እስከ ሃያ መቁጠር ቻለች፣ ተራ መጠበቅና እንግዳ መቀበል ቻለች። መምህሩ ኋላ ላይ ስትቀርበት ቅር ይለው ነበር። አዴ ዘሃራ በየዓመቱ መጨረሻ ትመጣና ፋይሉን አስወጥታ በጣቷ ታነበዋለች፤ የማትስማማበት ነገር ካገኘች ከሥሩ ታስጨምራለች። እኔ መሥሪያ ቤቱን እስክለቅ ድረስ ያ ፋይል ከሁሉም ወፍራሙ ነበር።

ያን ዕለት ከስብሰባው ስንወጣ በር ላይ ጠበቅኋት። እያወቀች ለምን እንዳልተናገረች ጠየቅኋት።

«አይ ጽጌ» አለችኝ። «እኔን ሳትጠይቁ ስለ ልጄ ወሰናችሁ ብዬ ስከሳችሁ ከርሜ፣ እኔው እናትሽን ሳልጠይቅ ስለ ልጇ ልናገር?»

እኔ እናቴን አልጠየቅኋትም ነበር። እሷም ፊቴን አይታ ገባትና ትከሻዬን ያዘችኝ። አንቺ እህት ነሽ፣ መናገርሽ ደግ ነው፤ አሁን ግን ሂጂና ጠይቂያት አለችኝ። ሌላ ሰው ነግሯት ሳትሰማ ቶሎ ሂጂ። ከዚያ ጆንያዋን ራሷ ላይ አደረገችና ሙናን እየመራች አሸዋውን ተሻገረች።

ወደ ከዚራ በዚያ ሙቀት እግሬን እየጎተትኩ ሄድኩ። እናቴ ጓሮ ልብስ ታጥብ ነበር። አጠገቧ ቁጢጥ አልኩና የሆነውን ሁሉ ነገርኳት፤ አምስት ሰው ፊት የውቢትን ስም እንደጠራሁ፣ ነገ ከተማው ሁሉ እንደሚሰማው። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። እጇ ውሃው ውስጥ እንዳለ ቀረ። «ላንቺ ብዬ እኮ ነው» አለችኝ። አውቃለሁ እማዬ አልኳት። ከዚያ እንደታዘዝኩት ጠየቅኋት። ውቢትን ላስመዝግባት ወይ፣ እሺ ካልሽ ነው፣ እምቢ ካልሽም ያንቺ ነው።

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። ውቢት ከተወለደች ጀምሮ ዘመዱም፣ ጎረቤቱም፣ ሐኪሙም፣ ንስሐ አባቷም ምን እንደሚሻል ነግረዋታል። ምን ትፈልጊያለሽ ያላት ሰው ግን ያን ዕለት የመጀመሪያው ነበር። እጇን ከውሃው አውጥታ በቀሚሷ አደረቀች።

«ጫማ እኮ የላትም» አለች።

እውነት ነው፤ ከቤት ወጥታ ለማታውቅ ልጅ ማን ጫማ ይገዛል? እኔ ዘልዬ ተነሳሁና ከመርፌ ሳጥኗ ክር አወጣሁ። ሱቅ ይዘውት ለማይሄዱት ሰው ጫማ ሲገዛ እንደሚደረገው እግሯን በክር ለክቼ፣ ክሩን ይዤ መጋላ ገበያ ልሮጥ ነው። እናቴ የኋለኛውን ክፍል በር ስትከፍት ውቢት ማንኪያዋን ይዛ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ክሩን ተረከዟ ላይ ላደርግ ጎንበስ ስል እናቴ ከእጄ ወሰደችብኝ።

«ክሩን ተዪው» አለች። «ራሷ ሄዳ ትለካ።»